የምእመናን እናት ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ

እናንት በንግድ የምትተዳደሩ ወንድሞች፣ እናንትም ቤታችሁን የምትጠብቁ እኅቶች ሆይ! ዛሬ የምንተርከው የአንዲት ነጋዴ ሴት ሕይወት ነው። ባለቤታቸው አርባ ዓመት በሞላቸው ጊዜ ከለመዱት ኑሮ ወጥተው ሕዝባቸው ኹሉ የሚጠላውን ከባድ አደራ ተሸከሙ። ያን ጊዜ እኒህ ሴት ያደረጉት ነገር ለእያንዳንዱ ቤት ትምህርት አለው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። ነቢይነት ሰው በፈቃዱ የሚመርጠው ሥራ አይደለም፤ አላህ ለመረጠው የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ሥራውን ለመለወጥ ያሰበ ነጋዴ ራሱን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ያስተካክል አንልም። እኛ የምንመለከተው ቤቱን ነው፤ የቤቱንም እመቤት።

ኸዲጃ (ረ.ዐ) ከቁረይሽ፣ ከበኒ አሰድ ጎሣ ነበሩ። ቀድሞ ኹለት ጊዜ አግብተው የነበሩ፣ በገዛ ገንዘባቸው የሚነግዱ ባለጸጋ ሴት ናቸው። ራሳቸው ወደ ሻም አይወርዱም፤ ዕቃቸውን ለታመነ ሰው ሰጥተው ከትርፉ ያካፍሉታል እንጂ። የቦንጋ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም (ይህ የአስተርጓሚው ቃል ነው)። በከፋ ነገሥታት ዘመን እስላም ነጋዴዎች በቦንጋ ተቀምጠው ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝኆን ጥርሱን እየገዙ በጅማ በኩል ወደ ሰሜን፣ እስከ ጎንደርና እስከ ምጽዋ ያሻግሩ ነበር። በዚያ መንገድ ዕቃውን ለሌላ ሰው ያስረከበ ነጋዴ ወራት ቆጥሮ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። ዋስትናው የተሸካሚው ጠባይ ብቻ ነበር። ኸዲጃም ያጡት ነገር ገንዘብ አልነበረም፤ ታማኝ ሰው ነበር እንጂ። በመካ አል-አሚን፣ ማለት ታማኙ፣ እየተባሉ ስለሚጠሩ አንድ ወጣት ሰሙና ለሌላው ከሚከፍሉት አብልጠው እንደሚሰጧቸው ልከውባቸው ዕቃውን አስረከቧቸው። መይሰራህ የሚባለው አገልጋያቸውም አብሮ ወደ ሻም ሄደ። ቅፍለቱ ሲመለስ ትርፉ ከወትሮው የበለጠ ነበር፤ መይሰራህ ስለ ሰውዬው ጠባይ የነገራቸው ግን ከትርፉ ይልቅ ልባቸውን ያዘው።

ነፊሳ የምትባል ወዳጃቸውን መልእክተኛ አድርገው ጋብቻውን ያሰቡት እርሳቸው ናቸው። ይህም የኾነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ595 ዓመት ግድም ነው። ነቢዩ 25 ዓመታቸው ነበር፤ የኸዲጃ ዕድሜ በታወቀው ዘገባ 40 ነው፤ ከዚህ ያንሳል የሚሉ ዐዋቂዎችም አሉ። ቃሲምንና ዐብደላህን ወለዱ፤ ኹለቱም በሕፃንነት ሞቱ። ዘይነብ፣ ሩቂያ፣ ኡሙ ኩልሡምና ፋጢማ ግን አደጉ።

ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ቤቱ በሰላም ኖረ። በኋላ ግን ነቢዩ ብቻቸውን መኾንን ወደዱ፤ ስንቅ ይዘው ወደ ሒራእ ዋሻ እየወጡ ብዙ ሌሊት በዚያ ይቈዩ ነበር። ስንቁ ሲያልቅ ወደ ኸዲጃ ይመለሳሉ፤ ኸዲጃም ደግመው ይሰንቁላቸዋል። ባልዋ ከገበያ ርቆ ወደ ተራራ የሚወጣባት ሴት ብዙ የምትናገረው ነገር ይኖራታል። ኸዲጃ ግን አለመጠየቃቸው ከዝንጋታ አልነበረም፤ ሰውዬው ምክንያት የሌለው ሥራ እንደማይሠሩ ስለሚያውቁ ነው።

በ610 ዓመት፣ በረመዷን፣ ጂብሪል ወደ ዋሻው መጣ። ነቢዩ እየተንቀጠቀጡ ወደ ቤት ገብተው እንዲሸፍኗቸው ለመኑ፤ ፍርሃታቸው እስኪለቃቸው ድረስ ሸፈኗቸው። ከዚያም ያዩትን ነገሯቸው፤ ለነፍሳቸው እንደ ፈሩም አልሸሸጉም። እነሆ፣ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ኹሉ በአንዲት ቃል ላይ የሚቆምበት ሰዓት ይህ ነበር። የፈራ ሰው በገዛ ቤቱ ቢጠረጠር ወዴት ይሄዳል? ኸዲጃ ግን አላህ በፍጹም እንደማያዋርዳቸው በመሐላ ነገሯቸው። ምክንያቱንም ዘረዘሩ፦ ዝምድናን ይቀጥላሉ፤ የደከመውን ሸክም ይሸከማሉ፤ ላጣ ይሰጣሉ፤ እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ ችግር የደረሰበትን ይረዳሉ። ልብ በሉ፤ ይህ የሽንገላ ማጽናኛ አይደለም። ዐሥራ አምስት ዓመት በአንድ ቤት የኖረች ነጋዴ ያየችውን ጠባይ እንደ ሒሳብ ደምራ የደረሰችበት ፍርድ ነው።

በራሳቸው ፍርድ ብቻም አልቆሙም። የአጎታቸው ልጅ ወረቃ ኢብኑ ነውፈል የቀድሞዎቹን መጻሕፍት የሚያውቁ፣ ዐይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤታቸውን ይዘው ወደ እርሳቸው ሄዱ። ወረቃም የመጣው ያው ወደ ሙሳ የመጣው መልአክ መኾኑን መሰከሩ፤ ሕዝቡም ነቢዩን ከአገር እንደሚያወጣቸው አስጠነቀቁ። እንግዲህ ኸዲጃ የሚመጣውን ያወቁት በመጀመሪያው ቀን ነው። ዐውቀውም ከሰው ኹሉ አስቀድመው አመኑ።

ዛሬም በቦንጋ ቡና ሲሰበስብና ሲሸጥ የኖረ ሰው በአርባ አምስት ዓመቱ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሌላ ሥራ ልግባ ቢል በቤቱ ጭንቀት ይወድቃል። የልጆች ትምህርት አለ፤ የዘመድ ድርሻ አለ፤ የቡናው ወቅትም ካመለጠ እስከ ዓመት አይመለስም። ሚስት ይህን ኹሉ ብትናገር አትነቀፍም፤ ወደሚያውቅ ሰው ሄደው ይጠይቁ ዘንድ ብትወተውትም ልክ ናት። ነገር ግን የኸዲጃን ስም እየጠራ የሚስቱን ወርቅና ገንዘብ እንደ ግዴታ የሚጠይቅ ባል ታሪኩን አላወቀም። በሸሪዓ የሚስት ገንዘብ የራስዋ ነው፤ ወዳ ከሰጠች ስጦታ ነው፤ ካልሰጠች በደለኛ አትባልም። ኸዲጃ ገንዘባቸውን ያወጡት ተለምነው ወይም ተገደው አልነበረም።

ዐፊፍ አልኪንዲ የሚባል ነጋዴ በሐጅ ወራት ለገበያ ወደ መካ መጥቶ በዐባስ ዘንድ ሳለ፣ አንድ ሰው ቆሞ ሲሰግድ፣ ከኋላው ሴት፣ አብሮትም አንድ ልጅ ሲሰግዱ አየ። ማን እንደ ኾኑ ዐባስን ጠየቀ። ሰውዬው የወንድማቸው ልጅ፣ ሴቲቱ ሚስታቸው ኸዲጃ፣ ልጁም ዐሊ መኾናቸውን፣ ከእነርሱም በቀር በዚህ ሃይማኖት ያለ ሰው አለማየታቸውን ነገሩት። ዐፊፍ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሰልም በዚያን ቀን ባለመግባቱ ይቈጭ ነበር። ኸዲጃ የተሰለፉት ሰልፉ ሦስት ሰው ብቻ ሳለ ነው።

ዕዳው የመጣው በልጆቹ ላይ ነበር። ለአቡ ለሀብ ልጆች የተሰጡት ሩቂያና ኡሙ ኩልሡም በሃይማኖቱ ምክንያት ተመለሱ። በኋላ ሩቂያን የጨርቅ ነጋዴው ዑስማን ኢብኑ ዐፋን አገቧቸው። በ615 ዓመት መከራው ሲበረታ ባልና ሚስቱ ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጋር በነጋዴ መርከብ ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ መጡ፤ በንጉሡም ጥላ በሰላም ተቀመጡ። የኸዲጃ ልጅ ባልዋን ተከትላ ያረፈችበት አገር እንግዲህ ይህ ነው። እናቲቱ ግን መካ ቀሩ፤ ልጃቸውንም ወደማያውቁት ምድር ሸኙ።

ከ616 ዓመት ጀምሮ ቁረይሽ በኒ ሃሺምን አገዱ፤ ከእነርሱ ጋር መግዛትም መሸጥም መጋባትም ተከለከለ። ነጋዴ ሆይ፣ ገበያ የተዘጋበት ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ። ቅፍለታቸው ሻም ይደርስ የነበረው ኸዲጃ በስተርጅና በአቡ ጧሊብ ሸለቆ ተራቡ። የወንድማቸው ልጅ ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ለአክስቱ ስንዴ ሲወስድ አቡ ጀህል መንገድ ላይ ያዘው፤ አቡል በኽተሪ የሚባል ሰው፣ እርሱም ያላመነ ሲኾን፣ የአክስቱን እህል እንዳያደርስ ልትከለክለው አይገባም ብሎ ተጣላለት። የቀድሞው ሀብት በዚያ ዘመን አለቀ።

ጂብሪል ግን ከጌታቸው ሰላምታ አምጥቶላቸው ነበር፤ በጀነትም ጫጫታና ድካም የሌለበት ቤት እንደ ተዘጋጀላቸው አበሰረ። በገዛ ቤታቸው ዐሥር ዓመት ጫጫታውንም ድካሙንም ለተቀበሉ ሴት የሚገባ ስጦታ ነበር።

እገዳው ከተነሣ በኋላ ብዙ ሳይቈዩ፣ በ619 ዓመት ዐረፉ፤ በሐጁን መቃብርም ተቀበሩ። ነቢዩ በሕይወታቸው ሳሉ ሌላ ሚስት አላገቡባቸውም። ከሞቱም በኋላ በግ ባረዱ ቁጥር ለኸዲጃ ወዳጆች ሥጋ ይልኩ ነበር።

በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በበድር ጦርነት፣ የታላቂቱ ልጃቸው የዘይነብ ባል አቡልዓስ ከመካ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ተማረከ። አቡልዓስ የኸዲጃ እኅት ልጅ፣ በመካም ታማኝነቱ የታወቀ ነጋዴ ነበር። ዘይነብም ባልዋን ለማስለቀቅ ገንዘብ ስትልክ፣ ኸዲጃ በሠርግዋ ቀን ያጠለቁላትን ሐብል ጨመረችበት። ነቢዩ ሐብሉን ባዩት ጊዜ ወዲያው ዐወቁት፤ ልባቸውም እጅግ ራራ። ባልደረቦቻቸው ከፈቀዱ ምርኮኛው ይለቀቅ፣ የዘይነብም ንብረት ይመለስላት ዘንድ ጠየቁ። ባልደረቦቹም እሺ አሉ፤ አቡልዓስ ተለቀቀ፤ ሐብሉም ወደ መካ፣ ወደ ዘይነብ ተመለሰ።