ጆን ናካ

ጆን ዮሺዮ ናካ (ኦገስት 16 ቀን 1914 – ሜይ 19 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.) የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊ አትክልተኛ፣ የቦንሳይ ባለሙያና መምህር ነበሩ። ቦንሳይ ዛፍን ዝርግ በሆነ የሸክላ ዕቃ ተክሎ፣ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየገረዙ፣ ቅርንጫፉንም በሽቦ እያቀኑ፣ ትንሽ ሆኖ ሳለ እንደ ትልቅና ያረጀ ዛፍ እንዲታይ የማድረግ የጃፓን ጥበብ ነው። ናካ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ጎሺን በተባለው የ11 ጥዶች ደን ነው።

ሕይወት

ናካ የተወለዱት በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ፎርት ሉፕተን በተባለ ቦታ ነው። በ8 ዓመታቸው ወደ ጃፓን ተወስደው እዚያ አደጉ፤ ቦንሳይንም ከአያታቸው ተማሩ። በ1935 እ.ኤ.አ. ወደ ኮሎራዶ ተመለሱ። በ1946 ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውረው በአትክልተኝነት ሙያ ይተዳደሩ ጀመር። ጊዜው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከምዕራብ ጠረፍ ተግዘው በካምፕ የቆዩ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ኑሯቸውን እንደገና የሚያቋቁሙበት ነበር። ናካ በ1950 ከጓደኞቻቸው ጋር የቦንሳይ ማኅበር መሠረቱ፤ ይህም በኋላ የካሊፎርኒያ ቦንሳይ ማኅበር ሆነ። ጥበቡን ዘር ሳይለዩ ለፈለገ ሁሉ አስተማሩ፤ በ1973 እና በ1982 ያሳተሟቸው ሁለት የሙያ መጻሕፍትም በብዙ አገር መማሪያ ሆኑ።

ምጣኔና አለመመሳሰል

በቦንሳይ አሠራር ትንሽ ዛፍ ትልቅ የሚመስለው በክፍሎቹ ምጣኔ ነው። በተለመደው መመሪያ መሠረት የዛፉ ቁመት ከግንዱ ሥር ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ይወጣል፤ ግንዱም ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ሆኖም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ከሆነ ዛፉ ሰው ሠራሽ ይመስላል። ስለዚህ ቅርንጫፎች ፊት ለፊት አይጣመዱም፤ ዛፉም ከዕቃው መካከል ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይተከላል።

ናካ መመሪያውን ቢያስተምሩም የመጨረሻው አስተማሪ በሜዳ የቆመው ዛፍ ነው ይሉ ነበር። ቦንሳይ ሌላ ቦንሳይ ሳይሆን እውነተኛ ዛፍ መምሰል እንዳለበት ያስረዱ ነበር። በዚህ አስተሳሰብ የጃፓንን ጥድ መቅዳት ግዴታ አይደለም። ለምሳሌ በአዋሽ ሸለቆ፣ በመልካ ወረር አካባቢ የሚበቅለው ግራር አናቱ እንደ ዣንጥላ የተዘረጋ ነው፤ አንዱ ወገኑ ከሌላው ረዝሞ ቢገኝም ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል። እንዲህ ያለው ዛፍ ሹል አናት ባይኖረውም የራሱ ምጣኔ አለው።

ጎሺን

ጎሺን ማለት መንፈስን የሚጠብቅ ማለት ነው። ዛፎቹ ፎሚና የተባሉ የቻይና ጥድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ከአበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ናቸው። ናካ የመጀመሪያዎቹን ማሠልጠን የጀመሩት በ1948 ነው። በ1964 ጥዶቹን በአንድ ዕቃ ላይ አሰባስበው በዚያን ጊዜ በነበሯቸው የልጅ ልጆች ቁጥር 7 አደረጓቸው። የልጅ ልጆቻቸው 11 ሲደርሱ ደኑም 11 ዛፍ ሆነ። ግንዶቹ በቁመትም በውፍረትም ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም እኩል አይደለም። አንዳቸውም ከሌላው ጋር ሳይመሳሰሉ በአንድ አፈር ላይ አንድ ደን ሆነው ይታያሉ።

ከሞት በኋላ

ናካ ጎሺንን በ1984 ለአሜሪካ ብሔራዊ የቦንሳይ ፋውንዴሽን ሰጡ፤ ዛፎቹም በዋሺንግተን ዲሲ በሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ይኖራሉ። በ1985 ከጃፓን ንጉሠ ነገሥት የፀሐይ መውጫ ኒሻን፣ በ1992 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት ተቀብለዋል። በ89 ዓመታቸው በካሊፎርኒያ አረፉ። ቦንሳይ ግን ሕያው ተክል በመሆኑ ባለቤቱ ሲሞት ሥራው አያልቅም፤ ጎሺንን ዛሬም ሌሎች እጆች ውኃ ያጠጡታል፣ ይገርዙታል።