የጋዜጠኛው የጆርጅ ስቲር ታሪክ ባጭሩ

ስለ ኢጣልያ ወረራ ስንማር የአርበኞቻችንን ስም ደጋግመን እንሰማለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ የመከራ ዘመን ጠመንጃ ሳይሆን ብዕር ይዘው ለእውነት የመሰከሩ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበሩ። ስማቸው ጆርጅ ስቲር ይባላል። በክፍላችን በተደረገው ክርክር ላይ፣ ለአንድ ወገን የሚያዝን ጋዜጠኛ ሊታመን ይችላልን? የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እኔም መልሱን በእኚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሚስተር ስቲር በ1902 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጋዜጣ ሥራ መሪ ስለ ነበሩ የዜና ሥራ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንግዳ አልነበረባቸውም። ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በዊንቸስተርና በኦክስፎርድ ተማሩ። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ዘ ታይምስ የተባለው የሎንዶን ጋዜጣ ወኪል አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ሲልካቸው ዕድሜያቸው ገና 25 ዓመት ነበር።

በዚያ ወራት ጦርነት ሊነሣ ነው ስለ ተባለ ከልዩ ልዩ አገር ብዙ ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ወደ ጦር ግንባር መሄድ በቀላሉ አይፈቀድም፤ የጋዜጣዎቹ ባለቤቶች ግን በየቀኑ አዲስ ወሬ ይጠይቃሉ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ከሆቴል ሳይወጡ የሰሙትን ሁሉ እንዳዩት አድርገው ይጽፉ ነበር። ኢጣልያ ሥልጣኔ ልታመጣ ነው ብለው የሚያምኑም ነበሩ። ለዴይሊ ሜይል ይጽፍ የነበረው ታዋቂው ደራሲ ኤቭሊን ዎ የኢጣልያን ወገን መያዙን አልሸሸገም። ሌሎች ደግሞ ለእኛ አዝነው ያልተገኘ ድል አወሩልን። ይህም ቢሆን ሐሰት ነው፤ የሚጠቅመን አልነበረም።

ሚስተር ስቲር ግን ሄዶ ማየትን መረጡ። ከጦርነቱ በፊት ወደ ኦጋዴን ወርደው የሠራዊቱን ጀግንነትና የመሣሪያውን ማነስ ተመለከቱ። በኋላ በጎራሄ ቆስለው የሞቱትን አፈወርቅ ወልደ ሰማያትንም በዚያ አውቀው እጅግ አደነቋቸው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ጦርነቱ ጥቂት ወራት እንደ ቆየም ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ይረጭ ጀመር። ይህ መርዝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይንን ያሳውራል፤ ባዶ እግሩን ለሚዘምት ወታደርና በሜዳ ለሚውል ባላገር መከላከያ አልነበረውም። የቀይ መስቀል ሐኪም ቤቶችም በቦምብ ተመቱ። ኢጣልያ ይህን ስትክድ ሚስተር ስቲር የመርዙንና የቦምቡን ነገር ለዓለም ጻፉ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ከተማይቱ በገዛ ሰዎቿ ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። ሚስተር ስቲር ኢትዮጵያን ቢወዱም ይህን አልደበቁም፤ በ1929 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ በዝርዝር ጻፉት። እርሳቸውም በዚያው ሁከት መካከል ማርጋሪታ ደ ኤሬሮ የተባለችውን ጋዜጠኛ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን አገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ በፀረ ኢጣልያ ስብከት ተወንጅለው ከአገር ተባረሩ። ሚስታቸውም በ1929 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ሞተችባቸው።

ይህ ኀዘን ሳይወጣላቸው በእስፓንያ የእርስ በርስ ጦርነት ወደ ባስክ አገር ሄዱ። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ጌርኒካ የተባለችው ከተማ በአውሮፕላን ስትደበደብ በዚያው ሌሊት ከቦታው ደረሱ። ከቃጠሎው ያመለጡትን ጠየቁ፤ የጀርመን ምልክት ያለባቸውን የቦምብ ቀፎዎች በዓይናቸው አዩ። የፍራንኮ ወገን ከተማይቱን ያቃጠሏት ነዋሪዎቿ ራሳቸው ናቸው ብሎ ሲያወራ፣ የእርሳቸው ጽሑፍ ሐሰቱን አጋለጠ።

በ1932 ዓ.ም. ዳግመኛ ወደ እኛ ነገር ተመለሱ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር መኰንን እንጂ ጋዜጠኛ አልነበሩም። በካርቱም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ሆነው በራሪ ወረቀትና ባንዲራችን የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ እንዲዘጋጅ አደረጉ። ይህ ለጦርነቱ የተደረገ ስብከት እንጂ ተራ ዜና አለመሆኑን ልናውቅ ይገባናል። ሚስተር ስቲር ታኅሣሥ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በእስያ ጦር ግንባር ሲያገለግሉ በመኪና አደጋ ሞቱ። ዕድሜያቸው 35 ዓመት ነበር።

የጻፉት ሁሉ አዲስ አበባን ከመያዝ አላዳነም፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበርም አልረዳንም። ታዲያ ምን ጠቀመ የሚል ይኖራል። የኢጣልያ መንግሥት የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ 60 ዓመታት ውስጥ አልተደረገም የሚሉ ሰዎች ሲነሡ፣ ነገሩ በሆነበት ጊዜ የተጻፈው ቃል ይመልስላቸው ነበር።

ስለዚህ ለክርክሩ የእኔ መልስ ይህ ነው። ጋዜጠኛም ሰው ስለ ሆነ ለተበደለ ማዘኑ አይቀርም። መታመኑ የሚለካው ባለማዘኑ ሳይሆን ሄዶ በማየቱ፣ ምስክር በመጠየቁና የሚወደውን ወገን ጥፋት ባለመሸፈኑ ነው። እኛም ተማሪዎች ወሬ በሰማን ጊዜ ተናጋሪው የማን ወዳጅ ነው ከማለት አስቀድመን፣ በዓይኑ አይቷልን? ብለን መጠየቅን እንልመድ።