እቴጌ ጣይቱና ንጉሡ የከፈሉበት ማዕድ

ዛሬ ኦጎልቾ ገበያ የወጣ ገበሬ ምግብ ቤት ገብቶ ይበላል፤ ይከፍላል፤ ነውር የሚለው የለም። በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘመን ግን ለመኳንንት ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን የቆረቆሩት፣ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ የዘመቱት እቴጌ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴል ሲከፍቱ፣ እንደሚተረከው፣ ደጃፉን የሚረግጥ ጠፋ። አዋጅ ማስነገር ይቻል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፤ በሉ፤ ሒሳቡንም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፈሉ። ማስታወቂያው ይኸው ነበር። ንጉሥ የከፈሉበትን ማዕድ ማን ይንቃል? መኳንንቱም እርስ በርስ መጋባበዝ ያዙ። እቴጌ በ1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ፤ ሆቴሉ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።