ሃንሰን ባሂያ እና የእንጨት ቅርጽ ኅትመት በአዲስ አበባ

ካርል ሃይንዝ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1915 በጀርመን ሃምቡርግ ተወለዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንጨት ላይ ቀርጾ የማተምን ሙያ ያዙ። በ1950ዎቹ በብራዚል ኖረው የባሂያን ሕዝብ ኑሮና እምነት በሥራዎቻቸው አሳዩ፤ የግዛቲቱንም ስም ከስማቸው ጋር አጣመሩ።

ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ጥበብን አስተማሩ። በዚያን ዘመን የንግሥተ ሳባን አፈ ታሪክ የሚተርኩ ሥዕሎች አንድ በአንድ በእጅ ይባዙ ነበር፤ የእንጨት ኅትመት ግን ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ያስገኛል። አፈ ታሪክን በሚያሳዩት የቀድሞ የጃፓን ኅትመቶች ሠዓሊው፣ ቀራጩና አታሚው የተለያዩ ባለሙያዎች ነበሩ። በሃንሰን ባሂያ አሠራር ሦስቱም የአንድ ሰው ሥራ ስለሆኑ፣ ሠዓሊው ሐሳቡን ከመሮ እስከ ወረቀት ራሱ ያደርሳል።

ከውጭ የመጣ ሙያ የአገሩን ሥዕል ያደበዝዘዋል ወይስ ያጎለብተዋል የሚለው ጥያቄ በተማሪዎቻቸው ሥራ ተፈተነ። ከእነዚህ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ የእንጨት ኅትመትን ተምረው፣ የብራና ክታብን ሥዕላዊ ቋንቋ ወደ ዘመናዊ ሥራቸው አመጡ።

ሃንሰን ባሂያ በ1966 ወደ ብራዚል ተመልሰው በ1978 በዚያው ዐረፉ። በአዲስ አበባ የቆዩት ሦስት ዓመት ያህል ቢሆንም፣ ያስተማሩት ሙያ በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጥሏል።