አውግስጢኖስ ራሱን ለማወቅ የሄደበት መንገድ

ሰው የገዛ ሥራው ሲያስገርመው ምክንያቱን ከሩቅ መፈለግ ይወዳል። በአገራችን ስሙን ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቍጥር አስደምሮ በ12 አስገድፎ፥ በተረፈው ቍጥር ኮከቡን ካወቀ በኋላ ቍጣውንም ስስቱንም በኮከቡ የሚያመካኝ ሰው ጥቂት አይደለም። ዐውደ ነገሥት ገልጦ ይህን የሚነግረውም፥ ማፈር የሚገባን እኛ ነን፥ ብዙ ጊዜ ከእኛው ከቤተ ክህነት ወገን የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ከዋክብትንም የምሥጢር ማኅበርንም ሞክሮ በመጨረሻ ራሱን በሌላ ስፍራ ያገኘውን የአውግስጢኖስን ሕይወት ለመናገር ወደድን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አውግስጢኖስ በሰሜን አፍሪካ፥ ዛሬ አልጄርያ በሚባለው አገር፥ ታጋስት በተባለች ትንሽ ከተማ በ354 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ጳጥሪቅዮስ እስከ ዕድሜው ማምሻ ድረስ ያልተጠመቀ፥ እናቱ ሞኒካ ግን በጸሎትና በዕንባ የታወቀች ክርስቲያን ነበረች። ልጁ ብሩህ አእምሮ ነበረውና ከዐቅማቸው በላይ አስተማሩት፤ ዳሩ ግን 16 ዓመት ሲሆነው ገንዘብ ስላጠራቸው አንድ ዓመት ትምህርቱን አቋርጦ በቤት ተቀመጠ።

በዚያ የሥራ ፈትነት ዓመት፥ አንድ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በወይን ቦታቸው አጠገብ የነበረውን የሰው ዛፍ አራግፎ፥ ፒር የሚባለውን ፖም መሰል ፍሬ ተሸክሞ ሄደ። ፍሬው መልክም ጣዕምም አልነበረውም፤ በቤቱም ከዚያ የሚሻል ሞልቶት ነበር። ጥቂት ቀምሰው የቀረውን ለእሪያዎች ጣሉት። ነገሩ ይህ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ኑዛዜ የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ ግን፥ የሚናዘዘው ከዚህ የከበደ ኃጢአት ሳያጣ፥ በዚህች ጥቂት ፍሬ ላይ ረጅም ምርመራ አደረገ። አንባቢ በመጀመሪያ ሲያየው ስለ ምን ይህን ያህል ተጨነቀ ይላል፤ እኛም በወጣትነታችን ብለናል። ምርመራው ግን ስለ ፍሬው አልነበረም። የሚሰርቅ ሰው ተርቦ ወይም ተመኝቶ ይሰርቃል፤ የሚገድልም ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ቂም ይገድላል፤ እርሱ ግን አልተራበም፥ ፍሬውንም አልተመኘም። እንግዲህ ስለ ምን አደረገው? የተከለከለ መሆኑ ራሱ ደስ እንዳሰኘው፥ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው፥ የጓደኞቹ ሳቅ እንደ ገፋፋው አንድ በአንድ እየቈፈረ አገኘ። ከዚህም በታች ሌላ አየ፤ ይኸውም ከማንም ትእዛዝ በታች ሳይሆን የወደደውን ሁሉ የሚያደርግ ጌታ ለመምሰል መሻቱ ነው።

ይህን ግን ያወቀው ቆይቶ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ወደ ካርቴጅ ወርዶ ንግግር ተማረ፤ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ሥርዓተ ጋብቻ ኖሮ አዴዎዳቱስ የተባለ ልጅ ወለደ። በ19 ዓመቱ የሮማዊውን የኪኬሮን መጽሐፍ አንብቦ ጥበብን ናፈቀ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም ገለጠ፤ ነገር ግን ንግግራቸው ተራ መስሎ ስለ ታየው ተዋቸው። በዚህ ጊዜ ማኒውያን አገኙት።

ማኒ በ216 ዓ.ም. በባቢሎን አገር ተወልዶ በፋርስ ወህኒ ቤት የሞተ ሰው ነው። ብርሃንና ጨለማ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ባሕርያት እንደ ሆኑ፥ ዓለምም ከሁለቱ መደባለቅ እንደ ተገኘ ያስተምር ነበር። ተከታዮቹ ምርጦችና ሰሚዎች ተብለው ይከፈላሉ፤ ምርጦቹ ሥጋ አይበሉም፥ ወይን አይጠጡም፥ ቅጠል እንኳ አይቀጥፉም፤ ሰሚዎቹ የሚያመጡላቸውን ፍሬ ሲበሉ ግን በፍሬው የታሰረው ብርሃን ይፈታል ይባል ነበር። አውግስጢኖስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከሰሚዎቹ ጋር ቈየ። እንዲህ ያለ ብልህ ሰው ይህን ተረት እንዴት ታገሠ ብሎ የሚደነቅ ሊኖር ይችላል። ማኒውያን ግን ስለ ራሱ የሚጣፍጥ ነገር ነግረውት ነበር፤ በውስጡ ያለው እውነተኛ ማንነቱ የብርሃን ክፋይ እንደ ሆነ፥ ክፉውን የሚሠራው ግን እርሱ ሳይሆን በእርሱ ያደረ ባዕድ ባሕርይ እንደ ሆነ። በደል ሠርቶ በደለኛ አለመባል ትዕቢቱን ደስ ያሰኘው እንደ ነበረ በኋላ ራሱ ተናዘዘ።

በዚያው ዘመን ወደ ኮከብ ቈጣሪዎችም ይመላለስ ነበር። ዊንዲቅያኖስ የተባለ ስመ ጥር ሽማግሌ ሐኪም፥ እርሱም በወጣትነቱ ያን ትምህርት ተምሮ የተወ ነበርና፥ መጻሕፍቱን እንዲጥል በአባትነት መከረው፤ አልሰማም። በኋላ በሚላኖ አንድ ወዳጁ የነገረው ታሪክ ግን አሳመነው። የዚህ ወዳጅ እናትና የአባቱ ወዳጅ ባሪያ በአንድ ቅጽበት ወለዱ፤ ሰዓቱንም ሁለቱ ቤቶች በመልእክተኛ ተላልከው አረጋገጡ። ኮከባቸው አንድ ሆኖ ሳለ የጌታው ልጅ በክብር አደገ፥ የባሪያይቱ ልጅ ባሪያ ሆኖ ቀረ። ደብተራ የሆነ ወንድማችን ይህን ቢያስበው እንወዳለን።

ከማኒውያን የለየው ደግሞ የራሳቸው መምህር ፋውስጦስ ነው። አውግስጢኖስ ያልተፈታለትን ሁሉ እርሱ ይፈታዋል ተብሎ ሲጠበቅ በ383 ዓ.ም. ገደማ ወደ ካርቴጅ መጣ፤ ንግግሩ ያማረ ቢሆንም ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ሲጠየቅ እንደማያውቅ አመነ። አለማወቁን ባለመደበቁ አውግስጢኖስ አከበረው፤ በማኅበሩ ላይ የነበረው ተስፋ ግን ያን ቀን ተቈረጠ።

በዚያው ዓመት እናቱን አታሎ በመርከብ ወደ ሮም ሄደ፤ በ384 ዓ.ም. በሚላኖ የንግግር መምህር ሆነ። አንድ ቀን ለንጉሠ ነገሥቱ ውዳሴ፥ ውሸት መሆኑን ሰሚዎቹም እርሱም የሚያውቁትን፥ ለማቅረብ እየተጨነቀ ሲሄድ ጠጥቶ የሚስቅ ለማኝ በመንገድ አየ። ለማኙ በጥቂት ሳንቲም ያገኘውን ደስታ እርሱ በብዙ ድካም ሲፈልገው መኖሩን፥ ድካሙም ሰውን ለማስተማር ሳይሆን ሰውን ደስ ለማሰኘት መሆኑን አስተዋለ።

የሚላኖውን ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስንም በመጀመሪያ የሰማው ለንግግሩ ውበት ብሎ ነበር፤ ቃሉ ግን ቀስ በቀስ ገባው። በ386 ዓ.ም. ጰንጢቅያኖስ የተባለ የአገሩ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ የአባ እንጦንስን ነገር፥ ገድሉንም አንብበው ሹመታቸውን በዚያው ሰዓት የተዉትን ሁለት ባለሥልጣኖች ተረከለት። ይህን ገድል የጻፈው ለአገራችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። አውግስጢኖስም ሲሰማ ራሱን ከጀርባው አውጥቶ በፊቱ እንዳቆመበት ያህል ሆነ። እስከዚያ እውነቱን ገና ስላላወቅሁ ነው እያለ ያመካኝ ነበር፤ አሁን ግን ካወቀ እንደ ቈየ፥ ንጽሕናን በጸሎት ሲለምን እንኳ ቶሎ እንዳይሰጠው ይፈራ እንደ ነበረ አየ። ማኒውያን በዚህ ስፍራ ሁለት ባሕርያት ይሉ ነበር። እርሱ ግን የሚሻውም እርሱ፥ እምቢ የሚለውም እርሱ ሆኖ አገኘው፤ የሚያሳብብበት ባዕድ አልቀረም። በአትክልቱ ስፍራ እያለቀሰ ሳለ አንሥቶ እንዲያነብ የሚል የሕፃን ድምፅ ሰምቶ የሐዋርያውን የሮሜ መልእክት ገለጠ። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁና ከወዳጁ ከአሊጲዮስ ጋር በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። እናቱም ያን አይታ በዚያው ዓመት በኦስትያ ዐረፈች።

በ391 ዓ.ም. የሂጶ ሕዝብ በግድ ይዞ ቅስና አሾመው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። የጻፈውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበለውም፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ ሥርጸት ያስተማረው ከእምነታችን ይለያል፥ እኛ ከአብ መሥረጹን እናምናለንና። ራሱን በመመርመር ግን እንደ እርሱ ያለ ጥቂት ነው። ከተጠመቀ ከአሥር ዓመት በኋላ፥ ጳጳስ ሆኖ ሳለ፥ ዛሬስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብሎ ጻፈ። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲሰማ ልቡን የነካው የሚዜመው ቃል ወይስ የሚያዜመው ድምፅ እንደ ሆነ ይጠራጠራል፤ ድምፁ በልጦበት ሲያገኘው ባልሰማሁት ይላል፤ ተመልሶ ደግሞ ዜማው በእምነቱ መጀመሪያ ዘመን ያስለቀሰውን አስቦ ጥቅሙን ያምናል። ሲመሰገን ደስ የሚለው ስለ አመስጋኙ መጠቀም ይሁን ስለ ራሱ ለይቶ መናገር አቃተው፤ ውዳሴን የሚንቅ ሰው በመናቁ ሊመካ እንደሚችልም አልሰወረም። ከበሮና ጸናጽል ይዘን የምንቆም ሁሉ ይህን ክፍል ስናነብ ዐንገታችንን እንደፋለን።

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂጶን ከብበው ሳለ በንዳድ ታመመ። ዕድሜው 75 ነበረ። የዳዊትን የንስሐ መዝሙራት አስጽፎ ከአልጋው ፊት ለፊት በግድግዳ ላይ አስለጠፈ፤ ሐኪሞች ካልገቡ ምግብም ካልመጣለት በቀር ማንም እንዳይገባ አዘዘ። ዐሥር ቀን ያህል ብቻውን እያነበበ ሲያለቅስ ቆይቶ ኦገስት 28 ቀን ዐረፈ።