ሩዶልፍ ዲዝል እና ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚለው ሞተር

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ያደረ የናፍጣ መኪና በጠዋት ሲያስነሱ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሪኖው ያቃስታል፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ቡልቅ ይላል፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች! ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ተጠርቶ መኪናው ይገፋል። የቤንዚን መኪና ያለው ጎረቤት ግን ቁልፉን አንዴ አዙሮ ውልቅ ይላል። የናፍጣ ሞተር ለምን እንዲህ ያስቸግራል? እኛ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች መልሱን ለማግኘት ሞተሩን ከፈጠረው ሰው ሕይወት ብንነሳ ጥሩ ይመስለኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሩዶልፍ ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ውስጥ ከጀርመን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ የሚጠርዝና የቆዳ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ሲዋጉ ቤተሰቡ ፓሪስን ለቆ ወደ ለንደን ተሰደደ። ሩዶልፍ ግን ገና በ12 ዓመቱ ለብቻው ወደ ጀርመን፣ አውግስቡርግ ወደምትባል ከተማ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ተላከ። የተቀበለው አጎቱ የሒሳብ መምህር ነበር። ልጁም ትምህርት ላይ በረታና ሙኒክ ወደሚገኘው የፖሊቴክኒክ ተቋም ገባ። በ1879 ታይፎይድ ይዞት ፈተና ቢያመልጠውም በሚቀጥለው ዓመት ተፈትኖ በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ።

ሙኒክ ውስጥ ያስተማረው ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ ማሽን ሊቅ ነበር። ወጣቱ ዲዝል ከዚህ መምህር ክፍል ይዞት የወጣው ነገር ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ይኸውም በዘመኑ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ቀሪው ሙቀት በከንቱ ይባክናል። ለድሃ አባት ልጅ ይህ ብክነት የሚያንገበግብ ነበር።

ከምርቃት በኋላ ዲዝል ፓሪስ ሄዶ በሊንደ የበረዶ ማምረቻ ሥራ ላይ ተሰማራ። ልብ በሉ፣ በሙቀት የሚነሳውን ሞተር የፈጠረው ሰው እንጀራው የመጣው ከበረዶ ነው! በ1883 ማርታ ፍላሸን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በአሞኒያ ትነት የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ዓመታት ደክሞ ሳይሳካለት ቀረና ሐሳቡን ለወጠ። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል። ታዲያ አየሩን ብቻውን አጥብቀን ብናምቀውና ነዳጁን በመጨረሻ ብንረጭበት ያለ ምንም ብልጭታ ራሱ አይቀጣጠልም ወይ? ብስክሌት በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ ሲሞቅ ያውቀዋል፤ ነገሩ እሱው ነው።

ለዚህ ሐሳብ በ1893 የፈጠራ መብት አገኘ። አውግስቡርግ የሚገኘው የማሽን ፋብሪካና የክሩፕ ኩባንያ ወጪውን ሊሸፍኑ ተስማሙ። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያማረው በብረት ላይ አላማረም። ኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሞተር በፋብሪካው ቀበቶ እየተጎተተ ሲሞከር ነዳጁ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ግፊቱ እስከ 80 ባር ወጣ። የግፊት መለኪያው ተሰባብሮ ተወረወረ፤ ዲዝል ለጥቂት ተረፈ። ሞተሩ በራሱ ኃይል አልሠራም፤ ሐሳቡ ልክ መሆኑ ግን ታየ፤ በእመቃ ብቻ እሳት ተነሥቷል። በፌብሩዋሪ 1894 ሁለተኛው ሞተር በራሱ ኃይል ቢዞርም የቆየው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ዲዝል ንድፈ ሐሳቡን ራሱን ማረም ነበረበት፤ መጀመሪያ ያሰበው እጅግ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀቱ ሳይጨምር የሚካሄድ ቃጠሎ እንደማይሆን ገብቶት ተወው። በፌብሩዋሪ 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ ሲለኩት 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ አወጣ። ከነዳጁ ሙቀትም 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ።

ይህ ታሪክ ከደብረ ብርሃኑ መኪና ጋር ምን አገናኘው? ብዙ! የናፍጣ ሞተር እስከ ዛሬ የሚነሳው በዚያው በዲዝል መርህ ነው። ብልጭታ የለውም፤ ያለው የእመቃ ሙቀት ብቻ ነው። ብረቱ በብርድ ሲደነዝዝ ያን ሙቀት ይጠጣዋል። ሞተሪኖው በቀስታ ካዞረ ደግሞ ሙቀቱ ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። በዚህ ላይ ከፍታ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ የሚታመቀው አየር ራሱ ያንሳል። ለዚህ ችግር መላ የመቱት ሌሎች ናቸው። ፕሮስፐር ሎራንዥ በ1909 የቅድመ ማቃጠያ ክፍልን ፈለሰፈ፤ ይህ ክፍል ሲቀዘቅዝ ሙቀት ስለሚሰርቅ ማሞቂያ ካንዴላ ያስፈልገዋል። ቦሽ በ1927 የናፍጣ ፓምፕ በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1936 መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለው የቤት መኪና ለገበያ ቀረበ።

እንግዲህ አልነሳ ያለ ሞተር ሲገጥመን እንደ ዲዝል አንድ በአንድ እየፈተሽን መሄድ ነው። መጀመሪያ ባትሪና ሞተሪኖ ይታያሉ፤ አዟዟሩ ደካማ ከሆነ የባትሪው ጫፎች ይጸዱ፣ ባትሪው ይሞላ። ቀጥሎ ጭሱን እንይ። ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል፣ ያጣው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ፣ ፊውዛቸውና ሪሌያቸው ይፈተሹ። የካንዴላውን ሽቦ ነቅለን የመፈተሻ አምፖሉን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በካንዴላው ራስ ላይ ስናደርግ ካልበራ ካንዴላው ተቃጥሏል። ምንም ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣው አልደረሰም ማለት ነው፤ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም አየር የሚያስገባ ቱቦ እንፈልግ። መኪናው ጠዋት አስቸግሮ ቀኑን ሙሉ በደንብ የሚነሳ ከሆነ ጥርጣሬው ማሞቂያው ላይ ወይም ሌሊት ወደ ታንኩ በሚመለሰው ናፍጣ ላይ ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ ካልነሳ እመቃው ይለካ። ማሞቂያ ባለው ሞተር አየር መሳቢያ ላይ ኤተር መርጨት ግን ፈጽሞ አይገባም። የ1893ቱን ፍንዳታ እናስታውስ!

ወደ ሰውየው እንመለስ። ሞተሩ ተነሳ፤ ዲዝል ግን ወደቀ። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ታላቁን ሽልማት ቢያገኝም የፈጠራ መብት ክርክርና የሥራ ጫና ጤናውን ጎድቶት ነበር። ያገኘው ሚሊዮን በከሰሩ ንግዶች አለቀ፤ ዕዳም ተጠራቀመ። በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በእሱ ሞተር ውቅያኖስ ስታቋርጥ የፈጣሪው ኪስ ባዶ እየሆነ ነበር። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በሚሄደው ድሬስደን መርከብ ላይ እራት በልቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ሲፈለግ የለም፤ አልጋው አልተተኛበትም። ከቀናት በኋላ የሆላንድ ጀልባ ሰዎች አንድ አስከሬን ባሕር ላይ አገኙ፤ ከኪሱ የወጡትን ዕቃዎች ልጁ ኦይገን የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ራሱን አጠፋ የሚሉ ይበዛሉ፤ ተገደለ የሚሉም አሉ። ዕድሜው 55 ነበር።

ከዚህ ሕይወት እኛ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ዲዝል ሞተሩ አልነሳ ሲለው ሞተሩን አልረገመም፤ ለካ፣ መዘገበ፣ የራሱን ስሕተት አረመ፣ እንደገና ሞከረ። ከ1893 እስከ 1897 አራት ዓመት ፈጀበት። እኛ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሳንፈትሽ ካንዴላውን በሙሉ ቀይሩ፣ ፓምፑን አውርዱ እንላለን። የባለመኪናው ገንዘብ ይባክናል፤ ሞተሩም በማግስቱ ያው ነው። ዲዝል ዕድሜውን የፈጀው ብክነትን ሲዋጋ ነውና በእሱ ሞተር ላይ ብክነት መሥራት አያምርብንም።