የሁለት አገር ወፎች ወዳጅ፦ ሬጂናልድ ሞሮ (1897–1970)

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በየዓመቱ በአገራችን አደይ አበባ በሚፈነዳበት ወራት፣ ከአውሮፓና ከእስያ የተነሡ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች ወደ አፍሪካ ይገባሉ። ክረምቱን አሳልፈው በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ስለዚህ ጉዞ በሰፊው ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ፣ እንደ እኛው ከአገራቸው ርቀው በምሥራቅ አፍሪካ የኖሩት እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ሞሮ ናቸው።

ሞሮ በ1897 ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ በመንግሥት የሂሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ጽኑ የመገጣጠሚያ ሕመም ስለያዛቸው ሞቃት አገር ፈልገው በ1920 ወደ ካይሮ ተዛወሩ። ተጓዥ ወፎችን መከታተል የጀመሩትም፣ የትዳር ጓደኛቸውን ዊኒን ያገኙትም በግብፅ ነው።

በ1928 ወደ ታንጋኒካ ሄደው በኡሳምባራ ተራሮች ላይ ባለው የአማኒ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ያዙ። ወፎችን የሚያጠኑት ከመደበኛ ሥራቸው በሚተርፍ ጊዜ ነበር። የወፎችን ጎጆ በመፈለግና በመከታተል ሳሊሙ አስማኒ የተባሉ የአካባቢው ሰው ብዙ ረድተዋቸዋል። በኡሉጉሩ ተራሮች የተገኘች አንዲት ወፍም በወይዘሮ ዊኒ ስም ተሰይማለች።

ከ18 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሰው በኦክስፎርድ ምርምራቸውን ቀጠሉ። በየዓመቱ ወደ አፍሪካ የሚገቡትን የየብስ ወፎች 5 ቢሊዮን ያህል ብለው ገመቱ። በ2009 የወጣ ጥናት የዘማሪ ወፎችንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን ቁጥር ወደ 2.1 ቢሊዮን ዝቅ አድርጎታል፤ መንገዱን የከፈቱት ግን ሞሮ ናቸው።

እሳቸውን እጅግ ያስገረማቸው የሳህል ምድር ነው። ወፎቹ እዚያ የሚደርሱት ዝናቡ ሲያበቃ ነው፤ ምድሩም ከወር ወር እየደረቀ ይሄዳል። ሆኖም ሰሃራን ለመሻገር ስብ የሚያከማቹት፣ አንዳንዶቹም ክብደታቸውን እጥፍ የሚያደርጉት፣ በዚያው በደረቁ ወቅት ከቁጥቋጦ ፍሬና ከግራር ላይ ነፍሳት ነው። እንግዲህ ግራሩና ቁጥቋጦው ከሌለ ስንቅ የለም፤ ስንቅ ከሌለም መመለስ የለም።

ይህም ወዲያው በተግባር ታየ። በ1969 ጸደይ፣ በእንግሊዝ አጥር ውስጥ ከሚዘምሩት ጉሮሮ ነጭ ትናንሽ ወፎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሳይመለሱ ቀሩ። ችግሩ ከተወለዱበት ቁጥቋጦ አልነበረም። ምክንያቱ የሳህል ድርቅ መሆኑን ያስረዳው ጥናት የወጣው በ1974 ነው። ሞሮ ግን በ1970 አርፈዋል፤ ታላቁ መጽሐፋቸውም የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1972 ነው።

ሁለት አገር ያለው ፍጡር አንዱ ሲጎዳበት ሌላው ብቻውን አያኖረውም። ይህን ለእኛ ለስደተኞቹ ማስረዳት አያስፈልግም። ልጆቻችን በሠፈራችን ግራር ላይ ትንሽ እንግዳ ወፍ ሲያዩ፣ ዛፉ ማረፊያዋም ስንቋም መሆኑን እንንገራቸው።